በክፍልፋይ ስለሚጻፉና በክፍልፋይ ስለማይጻፉ ቍጥሮች

በሒሳብ ትምህርት ተማሪን ከሚያሰናክሉት ነገሮች አንዱ፤ እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ሁለት ቃሎችን ከአንድ መምህር አፍ መስማት ነው። ለምሳሌ ያህል፤ የክብ ነገር ዙሪያ እንዴት እንደሚታወቅ በሚማርበት ቀን፤ «ፓይ ማለት 22/7 ነው» ተብሎ ይነገረዋል፤ ይህንኑም በደብተሩ ጽፎ በቃሉ ይይዘዋል። ጥቂት ጊዜ ከቈየ በኋላ ደግሞ፤ «ፓይ በክፍልፋይ ሊጻፍ የማይችል ቍጥር ነው» ይባላል። 22/7 ግን ክፍልፋይ ነው። አስተዋይ የሆነ ልጅ ይህን በሰማ ጊዜ ከሁለቱ ቃሎች አንዱ ሐሰት መሆኑን ያውቃል፤ የትኛው ሐሰት እንደ ሆነ ግን የሚነግረው ሰው አያገኝም። ብዙ ጊዜም አፍሮ ሳይጠይቅ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ሒሳብ በማስተዋል የሚያዝ መሆኑ ቀርቶ፤ መምህሩ ያለውን በመድገም ብቻ የሚታለፍ ትምህርት ይመስለዋል።

ከሁለቱ ሐሰተኛው የፊተኛው ቃል ነው። ፓይ ወደ 22/7 የቀረበ ቍጥር ነው እንጂ 22/7 አይደለም። «ነው» በማለትና «የቀረበ ነው» በማለት መካከል ያለው ልዩነት ለአናጢ ወይም ለግንበኛ ምንም አያደርግለትም፤ ለሒሳብ ተማሪ ግን ትልቅ ነገር ነው። ስለ ምን ትልቅ እንደ ሆነ ለመረዳት፤ በማንኛውም መንደር ከሚገኘው ከገመድና ከክንድ መጀመር ይሻላል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተነገሩ ናቸው።

ስለ ክፍልፋይ

ሰው በጎቹን ሲቈጥር 1፥ 2፥ 3 እያለ በሙሉ ቍጥር ይቈጥራል፤ በቁሙ ያለ ሁለት በግ ተኩል የሚባል ነገር የለም። ሲለካ ግን ነገሩ ይለወጣል። ገመድ በክንድ ሲለካ ሦስት ክንድ ሆኖ ጥቂት ቢተርፍ፤ የተረፈው በስንዝር ይለካል። የተረፈው ልክ አንድ ስንዝር እንደ ሆነ፤ አንድ ክንድ ሁለት ስንዝር ነውና፤ ገመዱ በጠቅላላው 7 ስንዝር ይሆናል፤ በክንድ ሲነገርም 7/2 ክንድ ይባላል። በስንዝርም ልክ አልመጣ ያለ እንደ ሆነ በጣት፤ በጣትም ልክ አልመጣ ያለ እንደ ሆነ ከጣት በሚያንስ መለኪያ ይለካል። እንግዲህ ክፍልፋይ ማለት፤ ክንዱንም ገመዱንም ያለ ትርፍና ያለ ጕድለት የሚቈጥር አንድ ትንሽ መለኪያ ተገኝቷል ማለት ነው። በላይ የሚጻፈው ቍጥር፤ ይህ ትንሽ መለኪያ በገመዱ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገኝ፤ በታች የሚጻፈውም በክንዱ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገኝ ይናገራል።

እንዲህ ባለ አኳኋን በሁለት ሙሉ ቍጥሮች ንጽጽር ሊነገር የሚችል ቍጥር ንጥጥር ቍጥር ይባላል። እኩሌታ፥ ሲሶ፥ ሩብ ሁሉም ንጥጥር ናቸው። 5 ራሱ 5/1 ተብሎ ሊጻፍ ስለሚችል ንጥጥር ነው። 0.75 ደግሞ 75/100 ወይም 3/4 ስለ ሆነ ንጥጥር ነው። በታች የሚጻፈው ቍጥር ባዶ እንዳይሆን ብቻ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። 1 ለ3 ሲካፈል 0.333 እያለ ስለማያልቅ፤ «ይህ ቍጥር ማለቂያ የለውምና ንጥጥር አይደለም» ይላሉ። ይህ ስሕተት ነው፤ ቍጥሩ 1/3 መሆኑ አስቀድሞ ታውቋልና። መምህሩ ይህን ለማረም 1ን ለ7 በሰሌዳ ላይ ያካፍል። ድርሻው 0.142857 ይሆንና እንደ ገና 142857 እያለ ያለ ማቋረጥ ይደጋገማል። የሚደጋገምበትም ምክንያት ግልጥ ነው። ለ7 ሲካፈል የሚተርፈው ቀሪ ከ1 እስከ 6 ካሉት ቍጥሮች በቀር ሌላ ሊሆን አይችልም። በዚህ ስሌት ቀሪዎቹ በተራ 3፥ 2፥ 6፥ 4፥ 5 ይሆኑና ከዚያ ተመልሶ 1 ይተርፋል፤ ያ ሥራው የተጀመረበት ቍጥር ስለ ሆነ ከመጀመሪያው ያለፈው ሁሉ እንደ ነበረ ይመለሳል። አካፋዩ 7 መሆኑ ቀርቶ 113 ወይም 1000003 ቢሆንም ነገሩ አይለወጥም፤ የቀሪዎቹ ዓይነት የተወሰነ ስለ ሆነ፤ ዘግይቶም ቢሆን አንዱ ቀሪ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም፤ ወይም ደግሞ ቀሪ ሳይኖር ስሌቱ ያልቃል። ስለዚህ ማናቸውም ክፍልፋይ በዐሥርዮሽ ሲጻፍ ወይ ያልቃል፤ ወይ ይደጋገማል።

የባሕረ ሐሳብን ቍጥር የተማሩ ሽማግሌዎች ደግሞ በዚህ ላይ የሚጨምሩት አላቸው። በባሕረ ሐሳብ አንድ ዕለት 60 ኬክሮስ፤ አንድ ኬክሮስ 60 ካልዒት፤ አንድ ካልዒት 60 ሣልሲት እየሆነ ይከፈላል። በዚህ አከፋፈል የዕለት ሩብ 15 ኬክሮስ፤ የዕለት ሲሶ ልክ 20 ኬክሮስ ነው፤ ምንም ትርፍ የለውም። ይኸው ሲሶ በዐሥርዮሽ ሲጻፍ ግን አያልቅም። እንግዲህ ማለቅና አለማለቅ ከቍጥሩ ጠባይ የመጣ አይደለም፤ በዐሥር ወይም በስድሳ ለመክፈል ሰው ከመረጠው ምርጫ የመጣ ነው። የዕለት ሰባተኛው እጅ ደግሞ በስድሳም ቢሆን አያልቅም፤ 8 ኬክሮስ፥ 34 ካልዒት፥ 17 ሣልሲት ሆኖ፤ እንደ ገና 8፥ 34፥ 17 እያለ ይሄዳል። ነገር ግን በስድሳ ቢከፈል፥ በዐሥር ቢከፈል ይደጋገማል እንጂ መልክ የለሽ አይሆንም። በሰባት ለሚከፍል ሰው ደግሞ አንድ ሰባተኛ ወዲያው ያልቃል። ለያንዳንዱ ክፍልፋይ፤ ትክክለኛውን መለኪያ ለመረጠ ሰው የሚያልቅበት መንገድ አለው ማለት ነው።

ከዚህ በመነሣት ማንም ሰው የሚያስበው ሐሳብ አለ። በዓለም ላይ ያለ ርዝመት ሁሉ፤ መለኪያው እየተመረጠና እያነሰ ከሄደ፤ አንድ ቀን ያለ ትርፍ ይለካል ብሎ ያስባል። ይህ ሐሳብ የሰነፍ ሐሳብ አይደለም፤ በጥንት ዘመን የታወቁ ሊቃውንትም ይህንኑ ያስቡ ነበር። ነገር ግን እውነት አይደለም።

ስለ ሰያፍ መስመር

የግሪክ ፈላስፋ ፕላቶን «ሜኖን» በሚባለው መጽሐፉ እንዲህ የሚል ታሪክ ጽፏል። ሶቅራጥስ በሜኖን ቤት ያደገውን፤ ሒሳብ ያልተማረውን አንድ ባሪያ ብላቴና ጠራና፤ በየጎኑ 2 ጫማ የሆነ ካሬ በምድር ላይ ሥሎ አሳየው። የዚህ ስፋት 4 ነው። «ስፋቱ የዚህ እጥፍ፤ ይኸውም 8 የሆነ ካሬ ለመሥራት ጎኑ ስንት መሆን አለበት?» ብሎ ጠየቀው። ብላቴናው ሳያመነታ ጎኑን ማጠፍ ነው አለ። 4 በ4 ግን 16 ሆነና እጥፍ ሳይሆን አራት እጅ ሆኖ ተገኘ። እንግዲያው 3 ይሁን አለ፤ 3 በ3 ደግሞ 9 ሆነ፤ በአንድ ተረፈ። ከዚያ በኋላ ብላቴናው አላውቅም አለ። ሶቅራጥስም በቍጥር መናገር ካልቻለ መስመሩን በጣቱ እንዲያሳይ ፈቀደለት፤ በጥያቄም እየመራ የካሬው ሰያፍ መስመር፤ ይኸውም ከማዕዘን ወደ ፊት ለፊቱ ማዕዘን የሚሄደው መስመር፤ የሚፈለገው ጎን መሆኑን እንዲያይ አደረገው።

ይህን በትምህርት ቤት ግቢ ማሳየት ቀላል ነው። ባለ አንድ ሜትር ካሬ በአራት ችካልና በገመድ ይሠራል። ከዚያ በሰያፉ ላይ ሌላ ካሬ ይሠራል። የመጀመሪያው ካሬ በሰያፍ ቢከፈል 2 ባለ ሦስት ማዕዘን ይወጣዋል፤ በሰያፉ ላይ የተሠራው ግን በሁለቱ ሰያፎቹ ሲከፈል እነዚያኑ የሚያህሉ 4 ባለ ሦስት ማዕዘኖች ይወጡታል፤ ስለዚህ እጥፍ ነው። ሁለት እኩል ካሬ መሬት ያለው ሰው ሁለቱን በስፋት የሚያህል አንድ ካሬ መሬት ለመለወጥ ቢፈልግ፤ ጎኑን በዚህ ገመድ ይለካል። ገመዱ በእጅ የሚያዝ፥ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው እውነተኛ ርዝመት ነው። ጥያቄው፤ ይህ ርዝመት በሜትር ሲነገር ስንት ነው የሚለው ነው።

ጎኑ በ5 እኩል ክፍል ቢከፈልና ሰያፉ በዚያው ክፍል ቢለካ 7 ይሆናል፤ ጥቂትም ይተርፋል። እውነተኛ ቢሆን ኖሮ 7 በራሱ ተባዝቶ የ5 በ5 እጥፍ፤ ይኸውም 50 በሆነ ነበር፤ ነገር ግን 49 ነው፤ አንድ ጐደለ። ጎኑ በ12 ክፍል ቢከፈል ሰያፉ 17 ለመሆን ጥቂት ይቀረዋል፤ 12 በ12 እጥፉ 288 ነው፤ 17 በ17 ግን 289 ነው፤ አንድ ተረፈ። እንዲህ ያሉትን ቍጥሮች ለማግኘት የጥንት ግሪኮች የሚያውቁት ቀላል ሥርዓት አለ። ጎኑና ሰያፉ ሲደመሩ አዲሱን ጎን ይሰጣሉ፤ ጎኑ ሁለት ጊዜ ተወስዶ ሰያፉ ሲጨመርበት አዲሱን ሰያፍ ይሰጣል። በዚህ መሠረት ከ5 እና ከ7፤ 12 እና 17 ይወጣሉ፤ ከዚያም 29 እና 41፤ ከዚያም 70 እና 99፤ ከዚያም 169 እና 239፤ ከዚያም 408 እና 577 ይከተላሉ። መምህሩ ተማሪዎቹን በየተራ እያስነሣ እያንዳንዱን ያስባዛ። 41 በ41 1681 ነው፤ የ29 በ29 እጥፍ ግን 1682 ነው። 99 በ99 9801 ነው፤ የ70 በ70 እጥፍ ግን 9800 ነው። 577 በ577 332929 ነው፤ የ408 በ408 እጥፍ ግን 332928 ነው። ሁልጊዜ አንድ ትጐድላለች፤ ወይም አንድ ትተርፋለች። ቍጥሮቹ ወደ ሺህና ወደ ሚሊዮን ቢያድጉም ያች አንድ አትጠፋም፤ አልጀብራ የተማረ ሰውም በዚህ ሥርዓት እስከ መቼም እንደማትጠፋ በሁለት መስመር ጽሑፍ ሊያረጋግጥ ይችላል።

ለሥራ የሚለካ ሰው ግን በዚህ አይቸገርም። ጎኑ 408 ሜትር በሆነ መሬት ላይ ሰያፉን 577 ሜትር ነው ቢል፤ የሚሳሳተው ከአንድ ሚሊሜትር በታች ነው። ገመዱ ራሱ በእርጥበትና በፀሐይ ከዚያ ይልቅ ይሳባል፤ ይሰበሰባልም።

ሊያልቅ ስላለመቻሉ ማረጋገጫ

በዚህ ጊዜ አንድ ጠንቃቃ ሽማግሌ፤ «ይህ ሥርዓት ልኩን ባያገኝ፤ ሌላ ሥርዓት ያገኘው ይሆናል፤ ከጠጕር የቀጠነ መለኪያ ያልሞከረ ሰው የለም ሊል አይችልም» ቢል ንግግሩ ትክክል ነው። በመለካት ብቻ የለም ማለት አይቻልም። ሰው ሺህ ጊዜ ቢለካ ሺህ አንደኛው ይቀረዋል። ስለዚህ መለካት ሲያበቃ ማሰብ ይጀምራል።

እስቲ ጎኑንም ሰያፉንም ያለ ትርፍ የሚቈጥር መለኪያ ተገኘ ይባል። ጎኑ በዚያ መለኪያ የሚቈጠረው ቍጥር እና ሰያፉ የሚቈጠረው ቍጥር ሁለቱም ሙሉ ቍጥሮች ናቸው። ሁለቱም በሁለት እኩል የሚከፈሉ፤ ይኸውም ተጋማሽ ቍጥሮች ከሆኑ፤ መለኪያው ያለ ምክንያት አንሷል ማለት ነው፤ እጥፉን መለኪያ በመውሰድ ሁለቱንም ቍጥሮች ማጋመስ ይቻላል። እንደ ገናም ሁለቱ ተጋማሽ ከሆኑ እንደ ገና ይጋመሳሉ። ይህ ሥራ ለዘላለም አይሄድም፤ ሙሉ ቍጥር ሲጋመስ ሲጋመስ ወደ ጎደሎ መድረሱ አይቀርም። ስለዚህ በመጨረሻ ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ ጎደሎ ይሆናል። ይህ ነጥብ መያዝ አለበት፤ ነገሩ ሁሉ የሚፈረደው በእርሱ ነውና።

አሁን ሰያፉ በራሱ ሲባዛ፤ ጎኑ በራሱ ሲባዛ ከሚወጣው እጥፍ ነው። የማናቸውም ነገር እጥፍ ተጋማሽ ነው። ጎደሎ በጎደሎ ቢባዛ ደግሞ ሁልጊዜ ጎደሎ ነው፤ 3 በ3 9፤ 5 በ5 25፤ 7 በ7 49 እንደሚሆን። ስለዚህ ሰያፉ ጎደሎ ሊሆን አይችልም፤ ተጋማሽ ነው። እንግዲያው ጎደሎ የሚሆነው ጎኑ ነው፤ አንዱ ጎደሎ መሆን አለበት ተብሏልና።

ነገር ግን ሰያፉ ተጋማሽ ስለ ሆነ፤ የአንድ ሌላ ሙሉ ቍጥር እጥፍ ነው፤ ያ ቍጥር እኩሌታ ይባል። እጥፍ በእጥፍ ሲባዛ አራት እጅ ይሆናል፤ ስለዚህ ሰያፉ በራሱ ተባዝቶ የሚወጣው፤ እኩሌታው በራሱ ተባዝቶ ከሚወጣው አራት እጅ ነው። ጎኑ በራሱ ተባዝቶ የሚወጣው ደግሞ የሰያፉን ግማሽ ስለ ሆነ፤ እኩሌታው በራሱ ተባዝቶ ከሚወጣው ሁለት እጅ ይሆናል። ሁለት እጅ የሆነ ነገር ተጋማሽ ነው፤ ስለዚህ ጎኑም ተጋማሽ ነው። ጎኑ ጎደሎ ነው ከተባለ በኋላ ተጋማሽ ሆኖ ተገኘ። አንድ ቍጥር በአንድ ጊዜ ጎደሎና ተጋማሽ ሊሆን አይችልም። ይህ የማይሆን ነገር የመጣው፤ ሁለቱን የሚቈጥር መለኪያ አለ ከሚለው ከመጀመሪያው ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ መለኪያ የለም፤ ከጠጕርም የቀጠነ ቢሆን፤ ዓይን ሊያየው ከሚችለው በታች ቢሆን፤ የለም።

አርስጣጣሊስ ይህንኑ ማረጋገጫ፤ ጎደሎ ተጋማሽ ወደ መሆን ያደርሳል ሲል በአጭሩ ጠቅሶታል። ስለዚህ ቢያንስ ከ2300 ዓመት በላይ የታወቀ ነገር ነው። መምህሩ ይህን ለተማሪዎቹ በአንድ ቀን ለመጨረስ ባይቸኵል መልካም ነው። አንድ ቀን ጎደሎ በጎደሎ ሲባዛ ምን እንደሚሆን ብቻ ያስተምር፤ ማረጋገጫውን በማግሥቱ ያምጣ።

ስለ ጥንት ሰዎች

በባቢሎን ምድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1800 እና በ1600 ዓመት መካከል የተጻፈ፤ በእጅ መዳፍ የሚያዝ አንዲት የሸክላ ጽላት ዛሬ በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ትገኛለች። በላይዋ ካሬና ሁለት ሰያፎቹ ተሥለው፤ በሰያፉ ላይ 1፥ 24፥ 51፥ 10 የሚሉ ቍጥሮች ተጽፈዋል። ባቢሎናውያን በስድሳ ይከፍሉ ስለ ነበር፤ ይህ በባሕረ ሐሳብ አነጋገር ጎኑ አንድ ዕለት ቢሆን ሰያፉ 1 ዕለት ከ24 ኬክሮስ ከ51 ካልዒት ከ10 ሣልሲት ይሆናል እንደ ማለት ነው። በዐሥርዮሽ ሲለወጥ 1.414213 ጥቂት ጐደል ብሎ ይመጣል፤ እውነተኛው 1.4142135 እያለ የሚቀጥል ነው፤ ልዩነቱ ከሚሊዮን አንድ እጅ አይሞላም። ይህ በስድሳ የመክፈል ልማድ ከባቢሎን ወደ ግሪክ የከዋክብት ሊቃውንት፤ ከእነርሱም ወደ እስክንድርያ ተሻግሯል፤ የኢትዮጵያ ባሕረ ሐሳብም ከእስክንድርያ የዘመን አቈጣጠር ጋር የተዛመደ ነው። የጽላቲቱ ጸሐፊ ቍጥሩን በዚህ ያህል ጥንቃቄ ሲያገኝ፤ ልክ ነው ወይም የቀረበ ነው የሚል ቃል ግን በላይዋ አልጻፈም።

ያን ጥያቄ ያነሡት ግሪኮች ናቸው። የፒታጎራስ ተከታዮች ነገር ሁሉ በሙሉ ቍጥሮች ንጽጽር ይገለጣል ብለው ያምኑ ነበር፤ ስለዚህ የሰያፉ ነገር ትምህርታቸውን ከሥሩ የሚነካ ሆነባቸው። ምሥጢሩን ያወጣው ሰው በባሕር ሰጥሞ ሞተ የሚል ወሬም በኋላ ዘመን ሰዎች ተጽፏል። ከነገሩ በኋላ ብዙ መቶ ዓመት ዘግይቶ የተጻፈ ስለ ሆነ እንደ ተረት ቢቈጠር ይሻላል፤ ለልጆች ቢነገርም ተረት መሆኑ አብሮ ይነገር። የታመነው ግን ፕላቶን የጻፈው ነው። የቀሬናው ቴዎድሮስ፤ ስፋቱ 3፥ 5 እያለ እስከ 17 የሆነ ካሬ ጎኑ በክፍልፋይ እንደማይነገር አንድ በአንድ እንዳሳየ ይናገራል፤ 4፥ 9 እና 16 ግን ጎናቸው 2፥ 3 እና 4 ስለ ሆነ በዚያ ውስጥ አይገቡም። መምህራን ይህን ልዩነት ማስታወስ አለባቸው። ተማሪዎች የዳግም ዘር ምልክት ያዩበትን ቍጥር ሁሉ በክፍልፋይ የማይጻፍ ነው ይላሉና። የ9 ዳግም ዘር 3 ነው፤ የ25/16 ዳግም ዘርም 5/4 ነው፤ ሁለቱም ንጥጥር ናቸው። የ3ን ነገር ለማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው፤ ከዚህ በላይ የተጻፈውን ማረጋገጫ «በሁለት የሚከፈል» የሚለውን «በሦስት የሚከፈል» በሚል ለውጦ ሊሄድበት ይችላል።

ስለ ስሙም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በግሪክ ቋንቋ «ሎጎስ» የሚለው ቃል ንግግርም፥ ማስተዋልም፥ ንጽጽርም ማለት ነው። ስለዚህ ንጽጽር የሌለውን ርዝመት «አሎጎስ» አሉት፤ ቃሉም ወደ ላቲንና ወደ አውሮፓ ቋንቋዎች ሲተረጐም «ማስተዋል የጐደለው» የሚል ትርጕም አብሮት ሄደ። በአማርኛ ይህን ተከትሎ ከአእምሮ ውጭ የሆነ ቍጥር ብሎ ማስተማር ተማሪውን በከንቱ ያስፈራዋል። በችካል መካከል የተወጠረው ሰያፍ ገመድ ምንም ከአእምሮ ውጭ የሆነ ነገር የለውም፤ የጐደለው ከጎኑ ጋር የሚጋራው መለኪያ ብቻ ነው።

እነዚህ ቍጥሮች በዐሥርዮሽ ሲጻፉ አያልቁም፤ አይደጋገሙምም። የሚያልቅ ወይም የሚደጋገም ዐሥርዮሽ ሁሉ ተመልሶ ክፍልፋይ ይሆናልና። 0.272727 እያለ የሚሄደው ቍጥር በ100 ሲባዛ 27.2727 ይሆናል፤ ከዚህ ላይ ራሱ ቢቀነስ ልክ 27 ይቀራል፤ ስለዚህ የቍጥሩ 99 እጅ 27 ነው፤ ቍጥሩም 27/99 ወይም 3/11 ነው። ነገር ግን አለመደጋገም ማለት ሥርዓት ማጣት ማለት አይደለም። 0.101001000100001 እያለ በየጊዜው አንድ ባዶ እየጨመረ የሚሄድ ቍጥር ሥርዓቱ ለሕፃን እንኳ ግልጥ ነው፤ ሆኖም አንዱ ክፍል ተመልሶ ስለማይደገም በክፍልፋይ ሊጻፍ አይችልም። በእነዚህ ቍጥሮች መደመርና ማባዛት በደንብ የቆመ መሠረት ያገኘው ግን በጣም ዘግይቶ ነው፤ ጀርመናዊው ሪቻርድ ዴዴኪንድ ስለዚሁ የጻፈውን ትንሽ መጽሐፍ ያሳተመው በ1872 ነው። ለመንደር ትምህርት ቤት ያን መጽሐፍ ማወቅ አያስፈልግም።

ስለ ፓይ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መመለስ ይቻላል። የክብ ነገር ዙሪያው፤ በመካከሉ አቋርጦ ለሚያልፈው ወርዱ ሲካፈል የሚገኘው ቍጥር ፓይ ይባላል። ክቡ ትልቅም ቢሆን ትንሽም ቢሆን ይኸው ቍጥር አይለወጥም። አርኪሜዴስ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ212 ዓመት የሞተው የሰራኩስ ሊቅ፤ በክቡ ውስጥና በክቡ ውጭ 96 ጎን ያላቸውን ቅርጾች በማሰብ፤ ፓይ ከ3 ከ10/71 እንደሚበልጥ ከ3 ከ1/7 ደግሞ እንደሚያንስ አረጋገጠ። 3 ከ1/7 ማለት 22/7 ማለት ነው። ስለዚህ ይህን ቍጥር ለዓለም ያስታወቀው ሰው ራሱ፤ ፓይ ከእርሱ ያንሳል ብሎ እንጂ እርሱ ነው ብሎ አልተናገረም፤ «ነው» የሚለው ቃል የገባው በኋላ በቃል በሚያስጠኑ ሰዎች ነው። በቻይና አገር በአምስተኛው መቶ ዓመት የኖረው ዙ ቾንግዢ 355/113 የሚለውን አገኘ፤ ይህ ከ22/7 ይልቅ እጅግ የቀረበ ነው፤ በዐሥርዮሽ እስከ ስድስተኛው ስፍራ ድረስ ከፓይ ጋር ይስማማል። ሆኖም እርሱም ፓይ አይደለም።

ፓይ ከቶ በማናቸውም ክፍልፋይ የማይጻፍ መሆኑን ያረጋገጠው ዮሐን ሃይንሪሕ ላምበርት ነው፤ በ1760ዎቹ ዓመታት ለበርሊን አካዳሚ አቀረበው። ከአርኪሜዴስ እስከ እርሱ ወደ ሁለት ሺህ ዓመት ያህል አልፏል። ማረጋገጫውም እንደ ሰያፉ በጎደሎና በተጋማሽ ብቻ የሚፈጸም አይደለም፤ ከፍ ያለ ሒሳብ ይጠይቃል። ስለዚህ መምህሩ የሰያፉን ማረጋገጫ ለተማሪዎቹ በሰሌዳ ላይ ያሳይ፤ የፓይን ግን ላምበርት አረጋግጦታል ብሎ ይንገራቸው፤ እንዲሁ ከራሱ ያወጣ እንዳይመስላቸው።

22/7 ከትምህርት ቤት ይውጣ ማለት ግን አይደለም። ወርዱ 7 ሜትር የሆነ ክብ ጎጆ ለመሥራት መሠረቱን በገመድ የሚለካ ሰው፤ በ22/7 ሲያሰላ ዙሪያው 22 ሜትር ይሆንለታል። እውነተኛው 21 ሜትር ከ99 ሳንቲሜትር ከ1 ሚሊሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነው። የሁለቱ ልዩነት 9 ሚሊሜትር ያህል፤ ከአንድ ጣት ውፍረት በታች ነው፤ ግድግዳው በጭቃ ሲመረግ ከዚህ የበለጠ ይለወጣል። ለጎጆው 22/7 ይበቃል፤ ለተማሪው ደብተር ግን «ፓይ = 22/7» ብሎ መጻፍ አይገባም። መምህሩ በሰሌዳው ላይ «ፓይ ወደ 22/7 የቀረበ ነው» ብሎ በሙሉ ቃል ይጻፍ፤ ወይም ከእኩል ምልክት ይልቅ ሁለት የተጣመሙ መስመሮች ያሉበትን የመቀራረብ ምልክት ያድርግ። በፈተናም፤ «22/7 ንጥጥር ነውን? ፓይስ?» ብሎ ሁለቱን ለይቶ ይጠይቅ፤ ለፊተኛው «ነው»፤ ለሁለተኛው «አይደለም» ብሎ የመለሰው ልጅ ነገሩ ገብቶታል።